ሁለት ሰዓት ከአርባ

በማቶዚንዮሽ ወደብ፣ በሰርዲን ፋብሪካ፣
ዴውሊንዳ የቆረጠችው የዓሣ ራስ ቢለካ
ተራራ ይወጣዋል።
ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ስንቱ ቢላዋ ተሞርዶ አልቋል።

ማታ ከትራም ወርዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
እግሯን በጨው ውኃ ነክራ፣ ስልኳን ከኪስ ፈልቅቃ፣
በአውራ ጣቷ ትገፋለች፦
አሥር ሰከንድ ድመት፣ አሥር ሰከንድ ጠብ፣
«ይህን ሳታውቁ እንዳትተኙ!» የሚል ነጭ ጥርስ፤
ሁሉም ቆሎ፣ ሲቆረጠም የሚያመሽ፣ ሆድ የማያጠግብ።

አንድ ሌሊት ጣቷ ሳተ።
ጥፍሯ ሥር የቀረ ቅርፊት ይሆናል የነካው፣ እንጃ።
ከታች፣ ማንም ከማይወርድበት፣
ክርኑ የተቀደደ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ፣
ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ።
ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል። ያየው ሰው፦ መቶ ዘጠኝ።

ሙዚቃ የለም። ሳል አለ።
ጠመኔው ሲሰበር ጎንበስ ብለው ይፈልጉታል፤
እሷም እስኪያገኙት ትጠብቃለች፣
ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ፣ እጇን ሰብስባ።

«ዓሣ በጆሮው ውስጥ ድንጋይ አለው» አሉ፣
«ከሩዝ ፍሬ ያነሰ። እንደ ዛፍ ግንድ
በየዓመቱ ቀለበት ይደርባል፤
በጠገበበት ወራት ሰፋ፣ በራበው ጠበብ እያለ።»

እግሯን ከውኃው አወጣች።
ዕድሜ ነበር በባልዲ ስትደፋ የኖረችው፣
ለድመት፣ ለባሕር ወፍ!

እንቅልፍ መጣ፤ ቆይ አለችው።
ሽማግሌው ነገሩን እንደ ሽንኩርት እየላጡ፣
ከማያውቁት ሲደርሱ
«ይህን እኔም አላውቅም» ብለው ጠመኔውን አስቀመጡ።
ያመነቻቸው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ማጉያ መነጽር ልትዋስ መጥታ ነው።
እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፣ ከቤቷ ሥር፤
ዕቃዬን ለማንም አልሰጥም።
መሐረቧን ፈታች፤ ሁለት ብናኝ፣
እስትንፋስ የሚወስዳቸው።
«ምን ልታዪበት ነው?» አልኳት።
«ሰዓት» አለች፣ «አንተ የማትጠግነው።»

አንድ... ሁለት... ሦስተኛው ላይ ጠፋባት፤
ትንፋሿን ይዛ ከአንድ ጀመረች።

ማታ እኔም ወረድኩ፣ ሽማግሌውን ፍለጋ፤
በድመቱ አልፌ፣ በጠቡ አልፌ፣
ስንት ነጭ ጥርስ ጠርቶኝ፣ ለአንዳንዱም ቆሜ፣ አልዋሽም፤
ሊነጋ ሲል፣ መቶ አሥር ከሚል ቁጥር አጠገብ፣
ያ ሳል ተሰማኝ።