ሃያ ስምንት ሜትር

ሚያዝያ ነው። በረዶው ካልጋሪን ለቆ ሲሄድ
ጠጠሩን ትቶታል በየአስፋልቱ መንገድ።
ስድስት ወር ጋራዥ የተኛ ሞተሬን ቀስቅሼ፣
ባትሪውን አክሜ፣ መስታወቱን አብሼ፣
ስልኬን በግራ ኪሴ፣ ዚፑን እስከ አንገት ስቤ፣
ወጣሁ ወደ ሥራ፣ ሁለት ልብ አንግቤ፤
አንዱ ደም ይረጫል፣
አንዱ ወሬ ይረጫል።

ዲርፉት ላይ፣ መቶ ስደርስ፣ ነዘረች። ዝም አልኩ።
ደግማ ነዘረች። መሪዬን ጠበቅ አደረግኩ።
በሦስተኛው ግን ሐሳቤ ከሞተሩ ወረደ፣
እኔን መቶ ላይ ትቶ፣ ብቻውን በእግሩ ሄደ።

ማን ይሆን? ኤፍራታ ከደረጃ ወድቃ?
ባንኩ ነው? ወይስ የመጋዘኑ አለቃ?
ወይስ ሚስቴ የትናንት ኩርፊያዋን
ከነወለዱ ልትከፍለኝ ፈልጋ?

ጓደኛዬ ልሳነወርቅ ዘወትር ይመክረኛል፦
«ሄልሜትህ ውስጥ ማዳመጫ አስገጥም፣
እጅህ ነፃ ይሆንልሃል» ይለኛል።
እጄስ ነፃ ይሁን፤ ሐሳቤን ማን ይይዝልኛል?

አምና በሐምሌ ግን እንዲህ አልነበርኩም፤
መሪው ላይ አስሬያት፣ ዓይኔን አልነፈግኳትም።
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣ አውራ ጣቴን አውጥቼ
«መጣሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ነፋሱ ላይ ተመችቼ።
ቀና ስል፦ የፒካፕ ቀይ መብራት፣ የፍሬኔ ጩኸት፣
የኋላ ጎማዬ እንደ እባብ ሲወራጭ።
አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ።
ፒካፑ ሄደ። ማንም ምንም አላየ።
«መጣሁ» ያለው ቃል ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፤
ባለቃሉ ግን ላይደርስ፣ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ እሑድ ብቻ
ልጄን እንደ እንቆቅልሽ ጠየቅኳት፦
«መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በሰከንድ ስንት ነው?»
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁጥር እንደ ከረሜላ ነው የምትቆረጥመው።
«ሃያ ስምንት ሜትር፣ ትንሽ ሲጎድል» አለች፣
ጠመኔ ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረደች።
አንድ መስመር ከደጃፋችን፣
ሌላውን ወዲያ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አልፎ፣ የማላውቀው ጎረቤት መኪና ሥር።
«አባዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚና ሂጂ!»
(ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው፤
አማርኛዋ ከእናቷ ጋር ነው ያደገው።)

ጨፈንኩ። ሄድኩ። መኪና የለም፣ ፍጥነት የለም፣ እሑድ ነው፤
የገዛ ሁለት እግሬን ብቻ ነው የምነዳው።
በዘጠነኛው እርምጃ ዓይኔ፣ እኔን ሳያማክር፣ ተከፈተ።
«ፈራሽ!» ብላ ሳቀች፣
«ገና እኮ የሰከንዱ ሩብ ነው!»

እና ዛሬ፣ አራተኛው ንዝረት ደረቴን ሲያንኳኳ፣
ፍሬቻ አበራሁ። ከዲርፉት ወጣሁ።
ነዳጅ ማደያው ጥግ፣ የክረምቱ ጠጠር ክምር አጠገብ ቆምኩ።
ሞተሩ ጠፋ። እግሬ መሬት ነካ። ሐሳቤም
ከኋላ በእግሩ ደርሶ፣ እያለከለከ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።
ጓንቴን በእጄ አወለቅኩ፣ እንደ ሰው።

ከእናቷ ስልክ ነው። አራት ጊዜ፣ ያው አንድ ቃል፦
«አባዬ እየነዳሽ ነው?»

«ቆሜያለሁ» አልኳት።

ወዲያው መለሰች፦ «ስድስት ደቂቃ ቆየሽ። ጎበዝ።»

መጋዘኑ ስደርስ አለቃዬ የግድግዳውን ሰዓት አሳየኝ፤
«ስምንት ደቂቃ» አለኝ።
«ሃያ ስምንት ሜትር» ልለው አፌ ላይ መጣ፤
ተውኩት። የሰዓት ፊርማዬን ፈረምኩ።
ስልኬ ደግማ ነዘረች።
አሁን ሚስቴ ናት፤ ከነወለዱ።