የሰባተኛው መስመር ቅርጫት

ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ሥራዬም ቅርጫት መሸከም፣
ሴቶቹ ሊዋኙ ሲገቡ ልብሳቸውን ይዞ መቆም።
የሄልሲንኪ በጋ ዱሮም አጭር ነው፣ ያን ጠዋት ግን ጨርሶ አልመጣም፤
ደመናው ገንዳው ላይ ተኝቶ፣ ዝናቡ አይዘንብም አይተውም።

«ሄልቪ፣ ሰባተኛው መስመር» አለች አለቃችን ወረቀቷን አይታ፤
አራተኛውን ተመኝቼ ነበርና ፊቴ ወደቀ ለአንዳፍታ።
መሀሉ የፈጣኖች ነው፣ ዳርና ዳሩ የሌሎች፤
እኛ ቅርጫት ያዦቹም ይህን እናውቃለን፣ ልክ እንደ ዳኞች።

ኢቦያ ሻራንዲ።
ስሟን ድምፅ ማጉያው ሰባብሮ ሲጠራው እሷም አልዞረች፤
እኔ በጣቴ ባሳያት ነው ፈገግ ብላ እጇን ያነሳች።

ሰማያዊ የፎጣ ካባ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣
የእንጨት ነጠላ ጫማ፣ ቀለሙ የተቀረፈ፣
ሁለት ጥርስ የጎደለው ማበጠሪያ፣ ግማሽ ብርቱካን በወረቀት፦
አገር ሙሉ ከኋላዋ ነው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ይህን ነው፣ በቅርጫት።

ተኩሱ ጮኸ።
የመጀመሪያውን መቶ መራች። እውነቴን ነው! ቆጥሬአለሁ፣
ቅርጫቱን ደረቴ ላይ አቅፌ «የኔዋ! የኔዋ!» ብያለሁ።
ሁለተኛው መቶ ላይ እኩል ሆኑ። ሦስተኛው ላይ ውሃው ከበዳት፤
ክንዷ እንደ በፊቱ ይነሣል፣ ገንዳው ግን ረዘመባት።
የሚሮጥ ሰው ሲደክመው ሣሩ ላይ ዐረፍ ይላል፣
የሚዋኝ ሰው ግን፣ ደክሞትም ቢሆን፣ ካልዋኘ ወዴት ይሄዳል?

ሰው ሁሉ ተነሥቶ ለፊተኛዋ ሲያጨበጭብ
እሷ ገና እየመጣች ነበር፣ አየር በአፏ ስትስብ።
ግድግዳውን ነካች፤ ትከሻዋ ላይ የዝናብ ጠብታ ረገፈ፣
ሰዓት ያዡ ቁልፉን ተጫነ፣ አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ዐረፈ።

ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ የጫካ እንጆሪ የበላች መስላ፣
ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ በአንድ እግሯ ሁለቴ ዘልላ፣
ዓይኔን ትክ ብላ እያየች በቀስታ አለችኝ፦
«ቪዝ ሜንት አ ፉሌምቤ።»
ካባዋን ለበሰች። ብርቱካኗን ሰጠችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት እነዚያን አራት ቃላት በአፌ ይዤ ዞርኩ።
ልጄን ትኩሳት ሲጸናባት አልጋዋ ሥር ቆሜ ደገምኳቸው፣
ባሌ ከባሕር ባልተመለሰበት ሌሊት በጨለማ አነበነብኳቸው።
ትርጉም የሰጠኋቸው ብዙ ነው፦ «የተሸነፈ አልሞተም»፣ «ተነሺ፣ ይነጋል»፤
ብቻ ከባድ ነገር፣ ድንጋይ ላይ ቢቀረጽ የሚያምር ይመስላል።

ኮትካ፣ የወረቀት ፋብሪካው ምግብ ቤት፣ ሾርባ ስቀዳ፣
ዴኔሽ የሚባል መሐንዲስ ነበረ፣ ከቡዳፔስት የመጣ እንግዳ።
ጭልፋዬን እንዳነሣሁ አራቱን ቃል እንደ ጸሎት አልኩለት፤
ሳቀ። ትሪውን አስቀምጦ ሳቀ። ጆሮውን በጣቱ እየመታ፦
«ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገባ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለበት።»

ሌላ ምንም የለበት።
ሁለት ቀን ሾርባውን ጨው አበዛሁበት።

በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣
«ቪዝ ውሃ ነው፤ እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ።
«ቬሲ» አልኩት።
ቪዝ። ቬሲ። ጭልፋው በመሀላችን ተንጠልጥሎ ዝም ተባባልን።
ቋንቋዎቻችን ዘመድ ናቸው አሉ፣ ከተለያዩ ዘመን የቆጠሩ፤
ከተካፈሉት ከጥቂቱ ውሃውን ሳያደርቁ የኖሩ።

አሁን ሰማንያ አምስቴን አልፌአለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ገንዳ እወርዳለሁ፣
ዳሩን ይዤ፣ በቀስታ፣ አንድ ደርሶ መልስ እሞክራለሁ።
ያን ቀን ማን እንደቀደመ ጠፍቶብኛል።
ብርቱካኑን ግን አስታውሳለሁ፦ ለእኛ ያኔ የበዓል ነበር፣
ልጣጩን እንኳ አልጣልኩም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ይሸት ነበር።

ስወጣ ራሴን ዘንበል አድርጌ ግድግዳውን ተደግፌ እዘላለሁ፣
አንዴ ብቻ፣ ጉልበቴ ሁለቴ አይፈቅድልኝም።
ገንዳውን የሚጠብቀው ልጅ ይሮጣል፦ «ምን ሆኑ፣ ሴትዮ?»
እነግረዋለሁ፣ በአራቱ ቃል። ግራ ገብቶት ይስቃል።
ውሃውም ከጆሮዬ፣ እንደ እንባ ሞቆ፣ አንገቴ ላይ ይወርዳል።