መስኮት ሰባት

መስኮት ሰባት ላይ ነኝ፣ ሃያ ዓመት አለፈኝ፤
በግራዬ ማቴ በቅል፣ በቀኜ ማኅተም አለኝ።
አገሩን ለቅቆ የሚመጣ ሁሉ
እፊቴ ይዘረግፋል ወረቀት በሙሉ፦
የልደት፣ የክትባት፣ ከፖሊስ «ንጹሕ ነው»፣
የባንክ ደብዳቤ፣ ፎቶ ፊት ያገረጣው።

ሞንቴቪዴዮን የነሐሴ ብርድ ይዟት፣
ከወንዙ አፍ የመጣ ነፋስ ሲገርፋት፣
አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆመ ከመስኮቴ፣
ወረቀቱን ደርድሮ እንደ ጡብ ከፊቴ።

«ስም?» «ታውኖ።» «አገር?» «ፊንላንድ ነበር።»
ያቺ «ነበር» ናት የያዘችኝ ነገር።
«'ነው' ብለህ ሙላ» አልኩት፣ «ፈልገህ ብታይ
'ነበር' የሚል ሳጥን የለም ቅጹ ላይ።»

ቁጥር ዐሥራ አንድ፦ «ለምን መጥተዋል?»
«ኅዳር ላይ የእኛ አገር ቀን ከክብሪት ያጥራል፤
ሚስቴ ሳለች ግን ማን ልብ ይለዋል?»

ሥራ? ግንበኛ። ዐርባ ሁለት ዓመት
ምድጃ ሲገነባ በየሰዉ ቤት።
«ጣትህን እዚህ ላይ፣ ጫን አድርገው» አልኩት፤
ማሽኑ ቀይ በራ። ደግመን ሞከርንበት።
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የቀኝ፣ የግራ፣
ዐሥሩም ልሙጥ ናቸው፤ ቀይ እየበራ።
ጡቡ ነው የበላው፣ ሲሚንቶው፣ ኖራው፤
በሰው ቤት ግድግዳ አልቋል አሻራው።

«ምስክር አምጣ» አልኩት፣ «እዚህ መኖርህን
አይቶ የሚናገር፣ የሚያውቅ ደጅህን።»

ማክሰኞ ተመለሰ ጎረቤቱን ይዞ፣
የዶኛ ኤርሚንዳን ክንድ ተመርኩዞ።
«ይህ ሰው» አልኳት አስምዬ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው
እናንተ ሠፈር ውስጥ ኗሪ የሆነው?»

ቀን አልጠራችልኝም፤ አሰብ አደረገችና
«ውሻዬ» አለች፣ «ሎሎ፣ እሱ ክፉ ነውና፣
ፖስተኛ ይነክሳል፤ ቄሱንም ነክሷል፤
ይህን ሰው ሲያይማ አጥር ሊያፈርስ ደርሷል።
ዓመት ሙሉ ጮኸበት፣ ጮኸበት፣ ጮኸበት፤
ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ማለዳ፣ ተወለት።
ከተኛበት ሳይነሣ በዐይኑ አሳለፈው፤
እኔ የማውቀው ይህን ነው። ከዚያን ቀን ነው።»

ይህ የሚሞላበት ሳጥንም አልነበረ፤
ጻፍኩት ከኅዳጉ። አለቃዬ ጋ አደረ።
ማግሥቱን ፈረመ። እኔም ማኅተም መታሁ፤
«እንኳን ደኅና መጣህ»፣ ለስንቱ ብያለሁ!

ካርዱን ኪሱ ከቶ፣ ሊያመሰግነኝ
መዳፉን ከመስታወቱ ለጥፎ አሳየኝ።
የብርዱ እንፋሎት ይሁን፣ ላቡ ይሁን እንጃ፣
አምስት ጣት ቀረልኝ፣ የሞቀ እንደ ምድጃ።

ማታ ማሪሳ ለጽዳት ጨርቅ ይዛ መጣች፤
«ሰባትን ዝለይው» አልኳት። አየችኝ። ዘለለች።