የጨዋ ደንብ

ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ከኦር አቂቫ ሰፈር፣
ሐዲዱን ተሻግሬ፣ እስከ ባሕሩ ድንበር።
ቂሳርያ ሜዳ፣ ሣሩ ይጠብቀኛል፣
ሌሊት ያደገውን፣ ጠዋት ያስረክበኛል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት!
ይቅር በለኝ ጌታ፣ ላም ሳትኖር በደጄ፣
ይህን ሁሉ ድርቆሽ፣ የጣልኩት በእጄ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጄ ሞሪያ መጥታ፣
እኔ ማጨጃው ላይ፣ እሷ ከቁጥቋጦ ገብታ፣
ኳስ ትለቅም ነበር፤
ቀበሮ እንቁላል መስሎት፣ ነክሶ የተወውን፣
ባለሀብት ተሳድቦ፣ ጥሎት የሄደውን።
አንድ ዱላ አገኘች፣ እጀታው የላላ፤
በዚያው ቀረች በቃ፣ አላየችም ሌላ።

ዘንድሮ በግንቦት፣ ለአገሩ ትልቅ ዋንጫ፣
ባለሙያው ካማተሩ፣ ገጠመ ፍጥጫ።
አራት ቀን ነፋስ ነው፤ አራት ቀን ወበቅ ነው።
በመጨረሻው ጉድጓድ፣ አሥራ ስምንተኛው ላይ፣
ኳሷ ሣሩን ወጋች፣ ወርዳ ከሰማይ፤
ቆመች። ክንድ ቀረ። በቀስታ ነካቻት፤
ጉድጓዱም አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዋጣት።

«ሞሪያ አስረስ!» አሉ፣ በድምፅ ማጉያው።
ከጎርጎራ ማዶ፣ የተኛው አባቴ፣
ስሙ በቄሣር ከተማ ሲጠራ፣ ተላወሰ አንጀቴ።

ጸሐፊው ሌስሊ መጣ፣ ሁለት ነገር ይዞ፤
ባንድ እጁ ዋንጫ፣ ባንድ እጁ ወረቀት።
ወረቀቱ ቼክ ነው፤ አርባ ሺህ ሸቀል፣
የሰባት ወር ላቤ፣ ተጣጥፎ እንደ ቅጠል።
«ልብ በይ» አላት፣ «ደንቡ ልክ አለው፤
ከልኩ ያለፈ ብር፣ አማተር አይነካው።
ከወሰድሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባለሙያ ነሽ፤
ከተውሽው፣ ከአማተር መዝገብ አይፋቅም ስምሽ።»

አላመነታችም።
ለአማተሮች ቡድን፣ ለመጪው ዓመት ጉዞ፣
ስሟን አስጽፋለች።
«ዋንጫው ይበቃኛል» አለች።
ቼኩ እጅ ቀየረ፤ ሁለተኛ ለወጣው፣
ሄርጽሊያ ለሚያሠለጥን መላጣ ጎልማሳ ደረሰው።
አመሰገናት ደጋግሞ፣
ዓይኗን ማየት ግን አቅቶት።

ማታ ጠየቅኋት፣ «አማተር ምንድን ነው?»
ዕብራይስጡ ለኔ፣ አማርኛው ለሷ ራቀው።
«ሙያዬ ያልሆነ… እንዲሁ የምጫወት…
አባ፣ ምን ልበልህ? የሌለኝ ደመወዝ…»
«ገባኝ» አልኳት። «ጨዋ!
በኛ አገር፣ ቄስ ያልሆነ ሁሉ ጨዋ ይባላል፤
መጽሐፍ ሳይዘልቅ፣ እንዲያው ይጸልያል።
ያንኑ ቃል ደግሞ፣ ለደህና ቤት ልጅ፣
እጇን ለማትዘረጋ፣ ቢርባትም በሰው ደጅ።»
ሳቀች። «እንግዲህ ሁለቱንም ነኝ» ብላ ተኛች።

እኔ ግን ሌሊቱን፣ ስገላበጥ አደርኩ፤
ጨዋነት ስንት ወር ኪራይ እንደሚያወጣ ቆጠርኩ።
ይህን ደንብ የጻፈ ሰው
ራቱን በልቶ ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ አሥራ ስምንተኛው ላይ፣
ማጨጃዬን አቁሜ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣
ያችው የኳሷ ጠባሳ፣ ሣሩን የወጋችበት፣
ጣት የምታህል ስርጉድ፣ ጤዛ የቋጠረባት።
ሹካዬን አወጣሁ፤ ከዳር ወደ መሃል
አፈሩን ሰብስቤ፣ በመዳፌ ደለደልኩ።
ሁለት ደቂቃ ነበር የሚበቃት፤
ሩብ ሰዓት ቆየሁ።

በወሩ መጨረሻ፣ ደሞዜን ሳሰላ፣
ያች ሩብ ሰዓት ወጣች፤ ስምንት ሸቀል ሞላ።
ከልጄ ድል ወደ ቤታችን የገባው
እሱ ብቻ ነው።
ፈራሁ። ከሳሽ ቢመጣስ?
ደንቡን አስነበብኳት፣ ከላይ እስከ ታች ጽሕፈት፤
ስለ ሣር አጫጅ አባት
አንዲት ቃል የለበት።