ተተኪ

እቅዱን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ሁለት መቶ ገጽ፣ ከነአባሪው፣
ሽፋኑ ሰማያዊ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ያለው።
ምዕራፍ አንድ፦ ማን ያዛል? ምዕራፍ ሁለት፦ ማን ይታዘዛል?
ምዕራፍ ሦስት ላይ ውሃው ሳይመጣ በቀለም ተስሎ ይታያል።
ሃያ አራት ቀጣና፣ ለእያንዳንዱ አንድ ኃላፊ፣
ላንዱ ኃላፊ ሁለት ስልክ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ተራፊ፤
ስድስት የፓምፕ ጣቢያ፣ አርባ ጀልባ፣ መጠለያ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች፣
የየበሩን ቁልፍ የሚይዙ፣ ስማቸው የተመዘገበ ዘበኞች።

ሙምባይ ላይ ሰማዩ ብቻውን ሰው አይጎዳም፤
ባሕሩም ብቻውን ከወሰኑ አልፎ አይወጣም፤
ጭንቁ ሁለቱ ሲቃጠሩ ነው። ዝናቡ ሲወርድ፣ ባሕሩ ሲወጣ፣
የቦዩ በር ሲዘጋ፣ ያን ጊዜ ነው የጎዳናው ውሃ መሄጃ የሚያጣ።
ከግድግዳችን ላይ የባሕሩ ሙላት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤
ሱላባ በቀይ እስክሪብቶ የከበበችው ቀን ይመጣል።

መጣ። ሐሙስ፣ በሐምሌ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣
አራት ሜትር ተኩል የባሕር ሙላት፣ በላዩ የማያባራ ዝናብ።

ስልኮቹ በሙሉ ጮኹ። ሱላባ ታነሣለች፣ ትጽፋለች፣
"ስንት ናችሁ? ስንተኛ ፎቅ? ውሃው የት ደረሰ?" ትላለች።
አንዲት እናት "ጉልበቴ ጋ" ስትላት "ቁመትሽስ?" ብላ ትጠይቃለች፤
ጉልበት ከጉልበት ይለያል፤ ይህንን ያለ እቅድ ታውቃለች።

እቅዱ ሠራ፣ አልዋሽም። ጀልባዎቹ ወጡ፣ በሮቹ ተከፈቱ፤
ፓምፖቹ እንደ ታመመ በሬ እስከ እኩለ ሌሊት አቃሰቱ።
በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቁልፍ ያዡ ለልጁ ሰርግ ሄዶ ነበር፤
መቆለፊያውን በድንጋይ ሰበሩት። (ይህም ይጻፍ፤ ለከርሞ ምክር።)

ከዚያ አንድ ጥሪ፦ "ፓሬል መታጠፊያው ጋ አንድ ሰው ቆሟል፣
ውሃው ወገቡን አልፏል፤ ውጣ ብንለው እምቢ ብሏል።"

ዳጋዱ ይባላል፤ ቦይ ጠራጊ ነው፣ የቀን አበል ተከፋይ፣
ክዳኑን ፈንቅሎ ከፍቶ የቆመ፣ ውሃ በሚውጥ ጉድጓድ ላይ።
ክዳን ሲነሣ ሰፈር ይተነፍሳል፤ ውሃው ይጎድላል በጣት፣ በጣት፤
ግን ከጠቆረው ውሃ ስር ማን ያያል የተከፈተ ሞት?
ስለዚህ ቆመ። በእጁ ቀርከሃ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ፣
"በዚህ አትለፉ! ወደ ግራ!" ድምፁ እስኪሻክር፣ እስኪደርቅ።
አንዲት ተማሪ፣ ቦርሳዋ በራሷ፣ ጫማዋ በእጅ፣
ሞተሩ የጠፋበት የታክሲ ሾፌር፣ ወተት ሻጭ፣ በትከሻው ልጅ፤
ሁሉም ዘወር ብለው አለፉ። አንዱም ስሙን አልጠየቀ፤
እሱም አልነገራቸው፤ ቀርከሃውን ብቻ አጠበቀ።

ሰባት ሰዓት ሙሉ ቆመ።
ሰባት ሰዓት! በእቅዴ ውስጥ ለአንድ ፓምፕ እንኳ ዕረፍት አለ፤
በየአራት ሰዓቱ ይቀዝቅዝ ይላል። ስለ ዳጋዱስ ምን አለ?

ሱላባ ደወለችልኝ (ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ በስልክ፣ እንደ ደንቡ)፦
"የጉድጓዱን ሰው የሚተካው ማነው? ገጽ ስንት ላይ ነው መዝገቡ?"
ገለጥኩ። አባሪ ሀ። አባሪ ለ። የስልክ ዝርዝር። የጀልባ ቤንዚን።
በጉድጓድ አፍ ስለሚቆም ሰው አንዲት መስመር አልነበረችን።

ውሃው ሲጎድል ክዳኑን ራሱ መለሰ፣ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ፤
ቀዩን ጨርቅ ጨምቆ አሰጣው፣ የተወጠረ ሽቦ ፈልጎ።
ከዚያ ቢሮ መጣ፣ አበሉን ሊፈርም። ጣቱ ተሸብሽቦ
እስክሪብቶ አልይዝ አለው። ፈረመ ግን፣ ፊደል በፊደል ሰብስቦ።

አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፤ አዲሱ እትም ተዘጋጅቷል፤
ገጽ አርባ አንድ፦ "የተከፈተ ጉድጓድ ሁሉ ሰው ይቆምለታል፤
ቀርከሃ አንድ፣ ቀይ ጨርቅ አንድ፣ ፊሽካ፣ ገመድ በወገብ ላይ፣
በየሁለት ሰዓቱ ተተኪ።" አለቃዬ "ተተኪ ከየት?" አለ፣ ወደኔ ሳያይ።

ሠንጠረዡ ሦስት ዓምድ አለው፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ የተተኪ ስም፤
ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ ሰው አያድንም።
ትናንት ማታ ሁሉም ሲሄድ እስክሪብቶ አነሣሁ፤
የራሴን ስም ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ መልሼ ጻፍኩ፤ ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት ዳጋዱ ጋ ሄድኩ፣ የቀርከሃ አያያዝ ልማር፤
"ክንድህን ተወው" አለኝ፣ "እግርህን ነው የምትተክለው ከምድር።"
ከዚያ ጫማዬን አየና ሳቀ።
ሱላባ የሚቀጥለውን ቀን ከበበች። ማክሰኞ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀ።