የሄኖክ ትረልፎል ጎል

ሜዳቸው ያዘነብላል፤ ከጥጥ ፋብሪካው ጀርባ ነው፤
ራሽበርን ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው።
ጭቃው ከቁርጭምጭሚት አልፎ ካልሲ ሲበላ፣
ሄኖክ ትረልፎል በግራ በኩል ይቆማል፣ እንደ ተተከለ ባላ።

እኔ ለዌልደን የቀኝ ክንፍ ነበርኩ፣ በነፋስ የምሮጥ፣
በዓመት ሁለቴ በሱ ታኬታ የምቀጠቀጥ።
«ይቅርታ የኔ ልጅ» ይለኛል፣ በሦስት ዓመት ብቻ እየበለጠኝ፤
እጄን ይዞ አንሥቶኝ፣ በሚቀጥለው ኳስ ያንኑ እግር ይጠልዘኝ።

ስድስት ዓመት ጦርነቱ በላበት፤ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ላይ፣
ጨው ሲልስ፣ ውኃ ሲያይ።
ሲመለስ ሃያ ሰባት ሞላው። ደሞዙ አሥራ ሁለት ፓውንድ፣ ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም፤
በበጋ የሰው ቧንቧ ይጠግናል፤ ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይከፍልም።
ቅዳሜ ከተመልካቹ ጋር በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራል፣
ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፤
ትኬት ቆራጯ በመተላለፊያው ልታልፍ ስትል
ሰው ሁሉ ይስቃል፣ «እሱን ማን አለፈ!» ብሎ።

ያን ጊዜ ኳስ ቆዳ ነበር። ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ይሆናል፤
የስፌቱ ጠፍር ግንባር ላይ መስመር ያሰምራል።
እኛ አንገታችንን ቀብረን ስናሳልፍ
እሱ ለእያንዳንዷ ኮርና ራሱን ይሰጣል።
በቴስታ ይመልሳል። ደግሞ ይመልሳል።
ማታ ጣሪያው ይዞርበት እንደነበር
ሚስቱ ሜቪስ ነገረችኝ፣ እኔ ካረጀሁ በኋላ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ። ግብ የለውም። አንድም።
«ግብ የሌለው ሰው» ይሉታል ቀልደኞቹ፤ እሱም አይቆጣም።

ከዚያ ጥሎ ማለፉ መጣ፤ የጥር ጉም፣ የመጨረሻዋ ደቂቃ፤
ኳሱን ከመስመር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት፣ እውነቱ ይህ ነው በቃ።
ለጎል አልመታሁም። ለማንም አልመታሁም።
ሄኖክ ዘሎ፣ እንደ ልማዱ ራሱን ሰጠ፤
ከጆሮ ግንዱ የተንሸራተተው ኳስ በራሱ መረብ ውስጥ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጋዜጣው የኔን ስም ጻፈ፣ በትልቁ፣ ከነፎቶዬ።
ዝም አልኩ።
ያን ዝምታ ቢራ ተጋበዝኩበት፤ መጠጥ ቤት ከፈትኩበት፤
በመስታወት አድርጌ ሰቀልኩት፤ ልጄን ዳርኩበት።
ለሱም ይሻለዋል፣ የራስ ጎል ማን ይፈልጋል? እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።
ዳሩ ሜቪስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን እየሳቀች አለችኝ፦
«ደርሶ ደርሶ ‹አንዴ አግብቻለሁ እኮ› ይላል፤
እኔማ ሠርጋችንን ነው ብዬ!»
አብሬያት ሳቅሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

አሁን የአረጋውያን ቤት ነው። መስኮቱ ባሕር ያያል፤ እሱ አያይም።
ሄኖክ እንደ ስሙ ሆነ፤ ሳይሞት ተወሰደ።
ራሱን ሲሰጥ የኖረው ሰው ራሱን ረሳ፤
ሲመልስ የኖረው ሰው፣ ስሙን ብጠይቀው መልስ አጣ።

ጠርዙ የተበላውን ጋዜጣ ከመስታወቱ አውጥቼ
ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁ።
«ያንተ ነው» አልኩት። «ጎልህን ልመልስ መጣሁ።»
አየኝ። ጋዜጣውን በአራት አጥፎ
የሻይ ኩባያውን አስቀመጠበት።

ልሄድ ስነሣ ግን ተነሣ፣
ያለ ሁለት ሰው ድጋፍ የማይነሣው።
ከኔና ከበሩ መሃል ገባ፤ ጉልበቱን አጠፍ፣ ክንዱን ከፈት፤
ዓይኑ ፊቴን ትቶ እግሬን ያያል።
ነርሷ ሮጣ መጣች። «ተይው» አልኳት።
በግራ ልለፍ ስል፣ በቤት ጫማው እየተንሸራተተ
ወደ ቀኙ ግድግዳ ገፋኝ፣ ቀስ አድርጎ፣
መስመሩ ወደነበረበት።
በሰማንያ ሁለት ዓመቴ የጉልበቴ ጠባሳ አሳከከኝ።

አላለፍኩትም።
የመጨረሻውም አውቶቡስ አመለጠኝ።