የኋላ መስታወት

በረዶው ለቀቀ፣ ሜዳው ውሃ አዘለ፤
ጭቃው ጫማ ይዞ አልለቅም አለ።
አባቴ ኦረስት ሻዩን ሳይጨርሰው፣
የዛገ ሰንሰለት እንደ ፎጣ ለበሰው።

ሰባት ትንንሽ ዛፍ፣ ሜፕል ነው ዘራቸው፣
ማንም አልተከለ፣ ነፋስ ነው የዘራቸው።
አምና ማጨጃችን ሲያልፋቸው በጎን፣
ዘንድሮ በቁመት አለፉኝ እኔን።
«ምድር ቤት ሳይገባ ይነቀል» አለች፣
እናቴ በመስኮት፣ ሊጥ እንደጨበጠች።
መጋዝ ምን ሊፈይድ? አንዱን ብትቆርጠው
አራት ሆኖ ይወጣል ሥሩን ካልነቀልከው።

ፒክአፑ ፎርድ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፤
በሩ ከውስጥ እንጂ ከውጭ መች ይከፈታል?
ያን ለታ አባቴ ቁልፉን ወረወረ፤
«ዛሬ አንቺ ነሽ ሾፌር።» ሆዴ ተሸበረ።
አሥራ ሦስት ዓመቴ። ከጀርባዬ ትራስ፣
ወደፊት ተስቤ፣ እግሬ ፔዳል እስኪደርስ።
ከፊቴ የማኒቶባ ሜዳ ነው፣ ዝም ያለ፤
ግን ጉዳዩ ሁሉ ከኋላዬ አለ፦
መዳፍ በምታህል መስታወት፣ ጎንበስ ብሎ፣
አባቴ ታየኝ ግንዱን በሰንሰለት ጠቅልሎ።
እጁ ከፍ ሲል ቁሚ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ሂጂ፤
ቃልማ ሞተሩ መች ያሰማል እንጂ።

አንደኛው ተነቅሎ እንደ ወተት ጥርስ
መጣ ተከትሎን፣ ከሥሩ ጭቃ ሲፈስ።
ሁለተኛም መጣ፤ ሦስተኛውን ሳብን፣
እንደ እምቢተኛ ፍየል አጥር ዳር አደረስን።
አራተኛው ግን ቀጭ!
ከአፈር በላይ ተሰበረ፤
ሥሩ ከታች ሳቀ፣ እዚያው ተቀበረ።

ያኔ ኤልስፔት መጣች፣ የጎረቤት አሮጊት፣
ባዶ ቸርኬ እየገፋች በጭቃው ላይ ፊት ፊት።
ከግንዱ ጎን አቁማው፣ ሰንሰለቱን በላይ
አሳልፋ ሰጠችው። «ሲበቅል አላየህም ወይ?
ዛፍ ወደ ጎን በቅሎ ያውቃልና ነው
አንተ በጎን የምትስበው?
ሽቅብ ነው የመጣው፣ ሽቅብ አውጣው!»

አምስትና ስድስት፣ ዕድሜ ለቸርኬያቸው፣
ብድግ አሉ ከአፈር፣ እንግዳ እንደመጣባቸው።

ሰባተኛው ቀረ፤ ውፍረቱ ክንዴን አያህል።
እጁ ዝቅ፤ ረገጥኩ። ጎማው ጭቃ ይተፋል፣
ሰንሰለቱ ይጮሃል፣ ዛፉ ግን ንቅንቅ አይል።
እጁን ከፍ አደረገ።
ቁሚ ማለቱ ነው።
አላየሁም ብል ኖሮ ሁሉም ያምነኝ ነበር።
አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የረገጥኩት።
ያ ሁሉ ብረት ለእግሬ ጣት ሲታዘዝ፣
ማን ይቆማል?

ጓ አለ።
ፎርዱ ተፈናጥሮ አጥሩን ደረመሰ፣
ፓራውልቱ ግን በሮ ወደ ዛፉ ተመለሰ፤
ሰሌዳው ከነቁጥሩ ከግንዱ ሥር ተኮፈሰ።

መስታወቱን አየሁ። አባቴ የለበትም።
ሰማይ ነው የሞላው።
ሰማይ እንደዚያን ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም።

በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ጭቃ ላይ ተቀምጧል፤
ብረቱ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ ነጥቆ አልፏል።
ይስቃል። ድምፁ ሳቅ ነው፤
እጁ ግን፣ ያ ቋንቋችን፣ ይንቀጠቀጣል።

እናቴ ደረሰች፣ ሊጡ ጣቷ ላይ ደርቆ፤
ማንም አልጠየቀኝ። ማን ይጠይቃል አውቆ?
ኤልስፔት ቸርኬዋን እየገፋች ሄደች።

ስድስቱን ጉድጓዶች ዝናብ ሞላቸው ማታ።
ሰባተኛው ዛሬም እዚያው ነው፣ በርትቶ፣
የሰንሰለቱን ጠባሳ በቅርፊቱ ውጦ።
አባቴ ፓራውልቱን በሽቦ አሥሮ እስከ መከር ነዳ፤
ነዳጅ ማደያው ላይ፣ የእህል ጎተራው ጋ፣
እሑድም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣
«ምን ነካው? ማን ሰበረው?» ላለው ሁሉ
«ዛፉ ነው» ይል ነበር።

ዛፉም ሰምቶ አልካደ።